የማይታየው ግድግዳ

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ዘመን ያሳለፈ ሰው ሌስ ኔስማንን ለማወቅ የሚቸገር አይመስለንም። ሌስ በአሜሪካ፥ በሲንሲናቲ ከተማ እንዳለ ተደርጎ የተፈጠረው ደብሊው ኬ አር ፒ የተባለ የራዲዮ ጣቢያ ዜና አቅራቢ ነው። የግል ክፍል ቢመኝ ስላልተሰጠው በጠረጴዛው ዙሪያ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፥ ግድግዳዬ ይህ ነው ብሎ ተቀምጧል። ወደ እርሱ የሚመጣ ሁሉ አየሩን አንኳኩቶ፥ የሌለውን በር ከፍቶ መግባት አለበት። ባልደረቦቹ ይሥቁበታል፤ ቢሆንም ያንኳኳሉ።

ይህን የቴሌቪዥን ቀልድ የፈጠረው ሂዩ ዊልሰን ነው፤ በአትላንታ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሳለ ካወቀው እውነተኛ ጣቢያ ብዙ ነገር ቀድቶበታል። ሲ ቢ ኤስ ከ1978 እስከ 1982 ድረስ በ90 ክፍል አሳይቶታል (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። ጣቢያው አድማጭ ያጣ ነው፤ አዲስ የመጣ የፕሮግራም ኀላፊ የቀድሞውን ለስላሳ ሙዚቃ ትቶ ሮክ ያስገባል። እኛ ግን ደጋግመን የምናስበው ሁለት ክፍሎችን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ኦክቶበር 30 ቀን 1978 የታየው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ካርልሰን፥ ጣቢያው ከተለወጠ ወዲህ ምክር የሚጠይቃቸው ሰው ስለ ጠፋ፥ እኔም አንድ ነገር እችላለሁ ለማለት በምስጢር አንድ ዘዴ ያወጣሉ። አሜሪካውያን በምስጋና ቀን የሚበሉትን፥ ተርኪ የሚባለውን ከዶሮ እጅግ የሚገዝፍ ወፍ ከነሕይወቱ በሄሊኮፕተር አስጭነው፥ በገበያ ስፍራ ለቆመው ሕዝብ ከሰማይ ይለቁለታል። (የዱሩ ተርኪ ይበርራል፤ ለሥጋው የደለበውን ግን ክብደቱ አያስበርረውም።) ሄሊኮፕተሩንም ሆነ የሚወድቁትን ወፎች ተመልካች አያያቸውም። የሚያየው ማይክሮፎን ይዞ ወደ ላይ አንጋጦ የሚናገረውን ሌስንና፥ በጣቢያው ሆነው ድምፁን የሚያዳምጡትን ባልደረቦቹን ነው። ሌስ መጀመሪያ ሰዎች በጃንጥላ የሚወርዱ ይመስለዋል፤ ቀጥሎ ጃንጥላ እንደሌለ ያያል፤ ከዚያም የሚወድቀው ምን እንደ ሆነ ይገባዋል። በባዶ አየር ላይ በር ያቆመው ይኸው ሰው አሁን ሰማዩን በሙሉ በቃል ያሳየናል። ተዋናዩ ሪቻርድ ሳንደርስ ለዚህ ንግግር፥ በ1937 ሂንደንበርግ የተባለው የአየር መርከብ ሲቃጠል ኸርበርት ሞሪሰን በስፍራው ሆኖ የቀዳውን የራዲዮ ዘገባ አጥንቶ ነበር። በመከራ የተንቀጠቀጠ ድምፅ ለሣቅ መዋሉ ቅር የሚያሰኘው ሰው ይኖራል፤ እኛም እየሣቅን ትንሽ አፍረናል። ሚስተር ካርልሰን ልብሳቸው ተበጫጭቆ ተመልሰው፥ ይበርራሉ ብዬ ነበር እኮ ሲሉ ግን አንጀታችንን በሉት።

ሁለተኛው ክፍል ከእውነት የተነሣ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1979 በዚያችው በሲንሲናቲ ዘ ሁ የተባለው የሙዚቃ ጓድ ሊጫወት ሕዝብ ተሰበሰበ፤ አብዛኛው ቲኬት የመቀመጫ ቍጥር ስላልነበረው ቀድሞ ለመግባት በበሮቹ ላይ ግፊያ ሆነ፤ 11 ወጣቶችም ታፍነው ሞቱ። አንድ ቀልድ ይህን በዝምታ ቢያልፈው ማንም አይወቅሰውም ነበር። አዘጋጆቹ ግን ፌብሩዋሪ 1980 ላይ አወጡት። በመጀመሪያው አጋማሽ የጣቢያው ሰዎች ስለ ትርኢቱ በደስታ እያወሩ ቲኬት ያድላሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ማግስቱ ነው፤ ጨዋታው ጠፍቷል፤ ትናንት ኑ፥ እንዳያመልጣችሁ ያሉት እነርሱ ራሳቸው ናቸውና እርስ በርሳቸው ለመተያየት ይቸገራሉ።

የከተማዪቱ ምክር ቤት አደጋው በደረሰበት በዚያው ወር ቍጥር የሌለው መቀመጫ ለእንዲህ ያለው ትርኢት እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው እስከ 2004 ቆየ።