ለቁጣ ማን ይጠራል?

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ከጦርነት ሸሽተን በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ስንሻገር ያረፍነው መንደር 8 ነበር። በላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ለተነሱ ሱዳናውያን የተሠራ መንደር ነው፤ የእነሱ መፈናቀል ለእኛ መጠለያ ሆነ። ከዚያ ከፊላችን ወደ ኡም ራኩባ፣ ከፊላችን ወደ ቱናይድባ የስደተኞች ካምፕ ተጫንን።

ቁጣውም አብሮን ተጫነ። በውሃ ወረፋ ላይ በአንድ ጀሪካን የሚነሳውን ጠብ ያየ ያውቀዋል። አገር ቤት ሽማግሌ ይገባል፣ የንስሐ አባት ይገሥጻል። ሽማግሌ ግን ሁለት ሰው ያስታርቃል እንጂ ከራሱ ጋር የተጣላውን ምን ያደርገዋል? «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ሲሉት ደግሞ «አበድኩ እንዴ?» ይላል።

ሐኪም ብቻ መጠበቅም የለብንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአምስት ጊዜ የምክር መርሐ ግብር አለ፤ ሠልጥኖ ክትትል የሚደረግለት ተራ ሰው ይሰጠዋል። ትንፋሽን ማርገብ፣ የሚፈታውን ችግር ከማይፈታው መለየት። (የእኛ የማይፈታው ይበዛል፤ ቢሆንም።)

እኔ የምፈልገው ቋንቋዬን የሚያውቅ፣ ጎረቤቴ ያልሆነ ሰው ነው። በድንኳን ምሥጢር አይያዝማ። የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።