ስለ ቴንስና ስለ ማወዳደሪያ ጥቂት ልበል

የእንግሊዝኛ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ብዙዎቻችሁ ይዛችሁልኝ የምትመጡት ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው «ከአራቱ ምርጫዎች የትኛው ቴንስ ነው ትክክል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ማወዳደሪያን ይመለከታል። የመጀመሪያው ከፈተና ወረቀት ያለፈ ጣጣ ስላለው ሰፋ አድርጌ ላውጋችሁ።

በእኛ ቋንቋ እናት ልጇን ስትጠራ፣ ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ገና አልመጣም፤ ግሱ ግን ያለፈ ጊዜ ነው። እንግዳም ሊሰናበት ሲል «በሉ ሄድኩ» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ዋሸ የሚለው የለም። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ኬም» ያለ ሰው መጥቶ መገኘት አለበት፤ ያ ልጅ ማለት የሚገባው «አይ አም ካሚንግ» ነው። እንዲሁም «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል» ስንል ግሱ የተፈጸመ ድርጊት ይመስላል፤ እንግሊዝኛው «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ» ብሎ በአሁን ጊዜ ያስቀምጠዋል። «ሁልጊዜ ገበያ እሄዳለሁ» እና «ነገ ገበያ እሄዳለሁ» ለእኛ አንድ ግስ ናቸው፣ ለእነርሱ ሁለት። ስለዚህ በልቡ እየተረጎመ የሚመርጥ ተማሪ የሚስተው የገዛ ቋንቋውን አጥብቆ ስለሚያውቅ ነው። ይህንን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ መምህራን አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም።

ከሁሉም የከፋው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው ነው። «አይ ሊቭድ ኢን ገዳሪፍ ፎር ስሪ ይርስ» ያለ ሰው ገዳሪፍን ለቆ ወጥቷል ማለት ነው። «አይ ሀቭ ሊቭድ» ካለ ግን አሁንም እዚሁ አለ። ልዩነቱ አንዲት «ሀቭ» ብቻ ናት። አንድ የማውቀው ሰው፣ በተዋዋ ሰፈር ብዙ ዘመን የኖረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ያችን «ሀቭ» ሳይጨምር ጻፈ። ጸሐፊው አንብቦ «እንግዲያው አሁን የት ነው የምትኖረው?» ብሎ ፋይሉን መለሰበት። ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኝ የገዳሪፍ ዋልካ ጭቃ ሆኖ፣ ክረምቱ አልፎ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ስለ ስደተኞች በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምምነት የስደተኛነት መብት የሚቀርበትን ሁኔታ የሚዘረዝር አንቀጽ አለው። ሰውየውን ያሰደደው ምክንያት «አብቅቷል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው የተጻፈው በዚሁ በፕረዘንት ፐርፌክት ነው። ዩኤንኤችሲአር በዚያ አንቀጽ መሠረት፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት መብት ከመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲቀር አደረገ። በምሥራቅ ሱዳን ብዙ ታላላቆቻችንን የነካ ውሳኔ ነበር። አሁንም የምፈራበት ምክንያት አለኝ የሚል ሰው ለብቻው ቀርቦ ማስረዳት ይችል ነበር። እስቲ አስቡት፤ እዚያ ቀርቦ «ፈርቼ ነበር» ማለትና «እፈራለሁ» ማለት አንድ ነውን? አስተርጓሚው ቢሳሳትስ? ቴንስን አጥኑ እያልኩ የምነዘንዛችሁ ለዚህ ጭምር ነው።

ለፈተናው የሚረዳችሁ ምልክት ይኸውላችሁ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለቀ ቀን ከተጠራ ፕረዘንት ፐርፌክትን እርሱት። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ተጠርቷልና «ዳይድ» እንጂ «ሀዝ ዳይድ» አይባልም። «የስተርዴይ» እና «አጎ» ካሉም እንዲሁ ነው። «ሲንስ» መነሻውን ይነግራል፣ እንደ «ጀምሮ»፤ «ፎር» ርዝመቱን ይነግራል። በነገራችን ላይ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ዓመቱንም ለውጡ፤ 1881 ያልነው በእነርሱ 1889 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትጨምራላችሁ። «ሲንስ 1983» ብሎ የጻፈ ልጅ ሳያስበው ስምንት ዓመት ተጨማሪ ስደት ይቆጠርበታል።

ማወዳደሪያውን ላሳጥረው። «ቶለር ፍሮም ሚ» የምትሉት «ከእኔ ይረዝማል» ከሚለው ነው። የእኛ «ከ» መነሻንም ማወዳደሪያንም ይሠራል። የትግርኛው «ካብ» እንደዚያው ነው፤ በገበያ የለመዳችሁት የዐረብኛው «ሚን»ም እንደዚያው። ሦስት ቋንቋ ወደ አንድ ስሕተት ሲገፋችሁ ብትወድቁ አይፈረድባችሁም፤ እንግሊዝኛው ግን ለማወዳደር «ዛን» የሚል የራሱ ቃል አለው። «ሞር ቶለር»ም ድርብ ነውና ተዉት።

«አዝ» እና «አዝ» በሚሉት መካከል የሚገቡት አባባሎች ግን በሕግ አይገኙም፤ መሸምደድ ብቻ ነው። እንደ ኢዮብ ታጋሽ፣ እንደ ሰሎሞን ጠቢብ የሚሉት ለማናችንም አይከብዱም፤ እስላም ተማሪዎቻችንም አዩብንና ሱለይማንን ያውቋቸዋል። እንደ በቅሎ ግትር የሚለው ግን ያስገርማል፤ በእኛ አገር በቅሎ የመኳንንትና የጳጳሳት መቀመጫ ናት። ስለዚህ ብዙ ልጆች አህያን መርጠው ነጥብ ያጣሉ። እንደ በረዶ ነጭ የሚለውን ባስተማርኩ ዕለት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «በረዶማ ገበያ ውስጥ የሚሸጠው ነው፤ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ለምን እንደ ጥጥ አይባልም?» አለኝ። ይባል ነበር፤ ፈተናውን ያወጣው ሰው ግን ያደገው እኛ ዘንድ አይደለም።

ሌላዋ ደግሞ «እንደ ቤተ ክርስቲያን አይጥ ድኻ» የሚለውን አልቀበልም ብላ ተከራከረች። በእነርሱ ደብር ለበዓል ደጀ ሰላሙ በዳቦና በጠላ ይሞላል፤ አይጡም አይራብም አለች። ክፍሉ በሙሉ ከእርሷ ጋር ቆመ። በፈተና ላይ «ፑር» የሚለውን እንድታከብብ ነገርኳት፤ ስለ ደብሩ አይጥ ግን አልተከራከርኳትም።