ከሰል ያነቀው ኮምፒዩተር

ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ወደ አዊ፣ ጥርባ በሄድኩበት ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሜ ጨዋታ በከፈተ በአሥር ደቂቃው ኮምፒዩተሩ ድርግም ይል ነበር። «ያበላሸው ጨዋታው ነው» ብዬ ፈረድኩ፤ ደመሰስኩበትም። ልጁ አኮረፈ።

ሌላ ጨዋታ ስሞክርም ያው ሆነ። ጽሑፍ ሲጻፍበት ግን ደህና ነው። ጨዋታ ማሽኑን ከጽሑፍ ይበልጥ ያደክመዋል፣ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ከመብራት ነቅዬ ሣጥኑን ስፈታው ማራገቢያው በጥቁር ብናኝ ታፍኗል።

አባታችን ዲከረንስ አክስሎ በጆንያ የሚያከማቸው እዚያው ክፍል ነበር። ኮምፒዩተሩን የገዛልን ከሰል ራሱ አንቆት ኖሯል!

በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ ጆንያዎቹ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ጨዋታውም ተመለሰ። «ይቅርታ» ለማለት ግን፣ ታላቅ ነኝና፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።