በካናዳ የበረዶ ተራሮችና ሐይቆች መካከል

በሐምሌ ወር የካናዳን ምዕራባዊ ክፍል ለማየት በሄድን ጊዜ፥ በካልጋሪ ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በአውቶሞቢላቸው አሳፍረው ሮኪ ወደሚባሉት ተራሮች ወሰዱን። ከሉዊዝ ሐይቅ እስከ ጃስፐር ከተማ የሚደርሰው ጐዳና ርዝመቱ 230 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህንንም መንገድ ያሠራው ችግር ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1930 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ንግድ ተሰናክሎ ሥራ ያጣ ሰው ስለ በዛ፥ መንግሥቱ ሥራ ፈቶቹን ሰብስቦ በ1931 ቊፋሮውን አስጀመረ፤ በ1940ም መንገዱ ለመንገደኛ ተከፈተ።

ቦው የሚባለው መተላለፊያ የጐዳናው ከፍተኛ ስፍራ ነው። ቁመቱ 2,069 ሜትር ነው ሲሉን ጥቂት ፈገግ አልን፤ አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለችና። ነገር ግን አገሩ ከምድር ወገብ እጅግ ወደ ሰሜን የራቀ ስለ ሆነ፥ በእኛ ዘንድ ጤፍ በሚዘራበት ከፍታ በዚያ የበረዶ ግግር በሐሩር ወራት እንኳ ሳይቀልጥ ይተኛል።

ከዚያ ጥቂት በእግር ሄደን ፔይቶ የሚባለውን ሐይቅ ከላይ ሆነን ወደ ታች ተመለከትነው። መልኩ ሰማያዊ እንዳይባል አረንጓዴ፥ አረንጓዴ እንዳይባል ሰማያዊ ነው። አብራን የነበረች ሕፃን፥ «ቀለሙን ማን ጨመረበት?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋም የሚገባ ነው። የበረዶው ግግር በገዛ ክብደቱ ከተራራው በዝግታ ሲወርድ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ዱቄቱም ከመላሙ የተነሣ ቶሎ ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቈያል። የፀሐይ ብርሃን በወረደበት ጊዜ ቀዩን ውሃው ይውጠዋል፤ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ዱቄቱ ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። ወፍጮው የቆመ እንደ ሆነ ቀለሙም እየደበዘዘ መሄዱ ነው።

ከቀትር በኋላ አታባስካ ወደሚባለው በረዶ ደረስን። ይህ ከታላቁ ከኮሎምቢያ የበረዶ ሜዳ እንደ ምላስ ተዘርግቶ የሚወርድ ነው። ከሜዳው የሚቀልጠው ውሃ አንዱ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ፥ አንዱ ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር፥ አንዱም ወደ ሃድሰን ባሕር ይሄዳል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ኤድመንተን የምትጠጣው ወንዝም ከዚሁ ይነሣል።

ወደ በረዶው በሚያደርሰው መንገድ ዳር ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች ቆመዋል፤ በረዶው በየዘመኑ የት ድረስ ደርሶ እንደ ነበረ ያስረዳሉ። ከአንድ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ከአንድ ኪሎሜትር ተኩል በላይ ሸሽቷል። ከደባርቅ የመጡት አክስታችን የስሜንን ውርጭ የለመዱ ናቸውና ብርዱን ምንም አላሉትም። 1992 ከሚለው ምልክት አጠገብ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ልጃቸው፥ «በእኛ 1984 ነው» አላቸው። «አንተን የወለድሁበት ዓመት አይደለምን? ታዲያ በረዶው የት ሄደ?» አሉት። እርሱም ብዙ መቶ ርምጃ ርቆ ከጠጠሩ ክምር በስተኋላ የሚታየውን አመለከታቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ሕፃኒቱ በረዶውን ልንካ ብላ ብታለቅስም፥ ግግሩ ስንጥቅ የተሞላ ስለ ሆነና ከዚህ ቀደም ሰው ወድቆ የሞተበት ስለ ሆነ፥ ከገመዱ አላለፍንም።

ወደ ጃስፐር ስንቀርብ ዱሩ ጠቊሮ ቆየን። በ2024 በሐምሌ ወር የተነሣው የዱር እሳት ከከተማይቱ ሕንፃ ሲሦውን ያህል አቃጥሎ ነበርና፥ አናጢዎች አዲስ ቤት ሲያቆሙ አየን። ማደሪያ ፍለጋ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ዞርን፤ በዚያ አገር ግን በዚህ ሰዓት ሰማዩ ገና አልጨለመም ነበር።