አምስት እንስሳት

ውድ ተማሪዎች፣ መምረጥ ቀላል ሥራ ይመስላችኋልን? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስሕተቴን አሳየችኝ።

ይህች ልጅ የእህቴ ልጅ ናት። ጥናቷን ስትጨርስ በኮምፒዩተር መጫወት ትወዳለች። የምትወደውም ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ፕላኔት ዙ» ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ መካነ አራዊት ይሠራል፤ አጥር ያጥራል፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚስማማውን ምግብና ዕፅዋት ያዘጋጃል። አዘጋጆቹ ከዋናው ጨዋታ ሌላ የየአካባቢውን እንስሳት የያዙ ተጨማሪ ክፍሎች አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአፍሪካ ክፍል የያዘው አምስት አዳዲስ እንስሳትን ብቻ ነው፤ እነርሱም ነጭ አውራሪስ፣ ሚርካት፣ ፔንጉዊን፣ ፌኔክ የተባለው የበረሃ ቀበሮና እበት የሚያንከባልል ጢንዚዛ ናቸው።

አንድ ቀን ይህንኑ ካሳየችኝ በኋላ «ጋሼ፣ ለአገራችን ደጋ አምስት እንስሳት ይምረጡ ቢባሉ የትኞቹን ይመርጣሉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም ሳላመነታ «አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ» ብዬ ጀመርኩ። ልጅቷ ሳቀች። «እነዚህ እኮ ቀድሞውንም በጨዋታው ውስጥ አሉ! ደግሞስ ቀጭኔ ሰሜን ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

አፈርኩ። ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማሰሪያ አንቀጽን ለማስረዳት «አንበሳው ሚዳቋዋን ገደላት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩ አላስታውስም። ስለ ጭላዳ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ጽፌ አላውቅም።

ስለዚህ እንደ አዲስ ጀመርን። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም የማይገኘውን ዋልያ መረጥን። ቀጥሎ ቀኑን ሣር ሲግጥ ውሎ ሌሊቱን በገደል ላይ የሚያድረውን ጭላዳ ጻፍን። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1910 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው የደጋ አጋዘን፣ አራተኛው ቀይ ቀበሮ ሆነ።

በአምስተኛው ላይ ተከራከርን። እርሷ ድኩላን ስትመርጥ እኔ የባሌን ፍልፈል መረጥኩ። «ፍልፈል ለማየት ማን ይመጣል?» አለችኝ። እኔም «እበት የሚያንከባልል ጢንዚዛ ከተመረጠ ፍልፈል ስለ ምን ይቀራል? የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ እኮ አይጥና ፍልፈል ነው። ያለ እርሱ ቀበሮሽ ምን ሊበላ ነው?» ስል መለስኩላት። ጥቂት አሰበችና ድኩላን ሰርዛ ፍልፈልን ጻፈች።

ከዚያም «ይህ ቀይ ቀበሮ በእውነተኛው ዓለም በየትኛው መካነ አራዊት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በየትም አይገኝም፤ ያለው በአገራችን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 ያነሱ ናቸው» አልኳት። ልጅቷ ዝም አለች። በጨዋታው ውስጥ አንድ እንስሳ ቢሞት ሌላ መግዛት ይቻላል። ለዚህ ቀበሮ ግን በአጥር ውስጥ የተቀመጠ ምትክ የለውም።

ውድ ተማሪዎች፣ እንግዲህ መምረጥ የሚወዱትን መጥራት ብቻ አይደለም። እንስሳው የት ይኖራል? ምን ይበላል? እርሱስ ቢጠፋ ማን ይጎዳል? እነዚህን ሳይጠይቅ የመረጠ ሰው እንደ እኔ ቀጭኔን ተራራ ላይ ያወጣል። እናንተም የአካባቢያችሁን አምስት እንስሳት መርጣችሁ ጻፉ፤ ከአምስቱም ቢያንስ አንዱ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ እንስሳ ይሁን።