ዓይኑን የጨፈነ ቅጠል

ወዳጆቼ፣ ዝም ብሎ የቆመን ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» እንላለን። ጅብራ ግን የተገተረ ይምሰል እንጂ ሥራ ላይ ነው። በባሌና በሰሜን ተራሮች ሌሊቱን በውርጭ ያድራል፤ ጠዋት ገና ሳይሞቀው ኃይለኛ ፀሐይ ይወርድበታል። የቀዘቀዘ ቅጠል የሚደርሰውን ብርሃን ሁሉ ለምግብ ሥራ ማዋል ስለማይችል ብርሃኑ ራሱ ይጎዳዋል። ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና የጀርመን ባልደረቦቻቸው ይህን በጅብራ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል።

ቅጠሉ ሳይቆረጥ፣ ሳይጠወልግ፣ መጎዳቱ እንዴት ይታወቃል? አረንጓዴው ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ከተቀበለው ብርሃን ከፊሉን ለምግብ ሥራ ያውላል፤ ከፊሉን በሙቀት መልክ ያስወጣል፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚሆነውን ደግሞ ቀይ ብርሃን አድርጎ መልሶ ይሰጣል። ይህ ፍካት ፍሎረሰንስ ይባላል። በፀሐይ ዓይናችን አያየውም። ሐንስ ካውትስኪ እ.ኤ.አ. በ1931 ጨለማ ውስጥ በቆየ ቅጠል ላይ ብርሃን ሲያበራ ፍካቱ ቦግ ብሎ ቀስ እያለ ሲቀንስ ተመለከተ። ዛሬ መሣሪያው በእጅ ይያዛል። ቅጠሉን በትንሽ መቆንጠጫ ከብርሃን ትከልሉና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። (ከቤት ውጭ ከባዱ ይኸው ጥበቃ ነው፤ ነፋሱ ቅጠሉን ያወዛውዛል፣ ልጆች «ምንድን ነው?» እያሉ ይከብቧችኋል።) ከዚያ በደካማ ብርሃን ዝቅተኛውን ፍካት፣ በአንድ ኃይለኛ ብልጭታ ከፍተኛውን ትለካላችሁ። የሁለቱ ልዩነት ለከፍተኛው ሲካፈል ጤነኛ ቅጠል 0.83 አካባቢ ይሰጣል።

እኔ መሣሪያውን ከምማርበት ክፍል ተውሼ ዘነበወርቅ፣ አያቴ ግቢ ውስጥ፣ የወጣቶች ኅብረታችን ክረምት ላይ ካከፋፈላቸው የቡና ችግኞች ሁለቱን ለካሁ። አንዱ አቮካዶው ጥላ ሥር ነው፤ ሌላው ቆርቆሮ አጥሩ ጋ፣ ፀሐይ ላይ። ቡና ደግሞ ጥላ ይወዳል። በዓይን ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። የጥላው ወደ 0.8 ተጠጋ፤ የፀሐዩ ከ0.7 በታች ወረደ። ለአያቴ ሳስረዳት ስለ ቁጥሩ ምንም አላለችም። መቆንጠጫውን አየችና «ዓይኑን አስጨፍነኸው ነዋ የምትጠይቀው!» አለችኝ።

የሰፈሬ ልጆች ምን ትዝ እንዳላት ያውቃሉ። የሰፈራችን ስም የልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉም በስሟ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተመሠረተው እዚያው ነው። አያቴ ለሕክምና መጥታ በዚያው ቀረች። (በስብከት መካከል «ለምጻም» የምትለዋን ቃል ለምሳሌ ስናነሳ፣ እዚህ ሰፈር ማን ተቀምጦ እንደሚሰማን አስቡ።) ምርመራው እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ዓይን አስጨፍኖ ነጣ ያለውን ቆዳ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ «የት ጋ ነካሁሽ?» ይላል። መጠቆም ካቃተ ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው። አያቴ ይህን የተጠየቀችው ጣቶቿ መታጠፍ ከጀመሩ በኋላ ነው። ምልክቱ ክንዷ ላይ ሲወጣ አላመማትም፤ የማያምን ነገር ይዞ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? ዛሬ በጊዜ የተደረሰበት፣ ጣት ሳይታጠፍ፣ በመድኃኒት ይድናል።

ችግኙን በማግስቱ ወደ ጥላው አዛወርነው፤ ጉድጓዱን ያስቆፈረችኝ እሷ ናት። ከሳምንታት በኋላ ስለካው ቁጥሩ ጨምሯል፤ የጓደኛውን ግን ገና አልደረሰበትም። መሣሪያውን ከመመለሴ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ እንድለካላት ቀጠሮ አስይዛኛለች።