ደም ግባት

«ቆንጆ» የሚለው ቃል እንደ ታክሲ ሆኗል፤ እጁን የዘረጋውን ሁሉ ይጭናል። ሽሮው ቆንጆ፣ ስብሰባው ቆንጆ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ቆንጆ። ወያላውም ቀና ብሎ ፊቴን ሳያይ «ቆንጅዬ፣ ጠጋ በይ!» ይለኛል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን እንዲህ በየመንገዱ ስለማይበተነው ቃል ነው፤ ስለ ደም ግባት።

ልጅ ሳለሁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታላቅ እህቴ ትሞገሳለች። ዓይኗ፣ አፍንጫዋ፣ ፀጉሯ... ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ይባልና እናቴ ቶሎ ብላ «እሷ ደግሞ ደም ግባት አላት» ትላለች። እንዴት እንደምናደድ! መልክ ተከፋፍሎ ሲያልቅ የተጣለልኝ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

ቃሉ የገባኝ እናቴ የታመመች ጊዜ ነው። ሦስት ወር ተኛች። ዓይኗ ያው ዓይኗ፣ አፍንጫዋም ያው ሰልካካው አፍንጫዋ ነው፤ አንዱም ከቦታው አልተነሳም። ጠያቂው ሁሉ ግን ገና ከበሩ ላይ ሲያያት ይደነግጣል። ከፊቷ የሄደው ደሙ ነበር። ለካ ደም ግባት እንደ ስሙ የደም መግባት ነው! መልክ ይዘነው እንወለዳለን፤ ደም ግባት ግን ይገባል፣ ይወጣል። ጤና ያስገባዋል፣ ሐዘን ያስወጣዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በኢሳይያስ ምዕራፍ 53፣ ስለ ተናቀው የሕማም ሰው ሲናገር መልክን ለብቻ፣ ደም ግባትን ለብቻ ያነሳል።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አጥሚት ይዛ መጣች። የሠፈሩን ወሬ ስታወራላት እናቴ ሳቀች። «እሰይ! ደም ግባትሽ ተመለሰ!» አለች ጎረቤታችን፣ እልልታዋን እያቀለጠች።

ብቻችንን ስንቀር የቆየ ቂሜን አወጣሁ። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለምንድን ነው ስለ እኔ እንደዚያ ትዪ የነበረው? መልክ ስለሌለኝ አይደል?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ሁለት ዓመትሽ ላይ ኩፍኝ ይዞሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተስፋ ቆርጦብሽ ነበር። አንድ ቀን ሲነጋ ጉንጭሽ ላይ ደም ሲገባ አየሁ። እንጃ... ከዚያ ወዲህ አፍንጫሽ ምን እንደሚመስል አስተውዬም አላውቅ» አለችኝ።

ወያላው ዛሬም «ቆንጅዬ» ይለኛል፤ ጠጋ እላለሁ። ደም ግባት ለማለት ግን መንገደኛ መሆን አይበቃም፤ ደሙ ሲወጣም ሲገባም አጠገባችን የነበረ ሰው ይጠይቃል።